የልብ ሴል ውስጥ ያለ ቅባት ሁሉ ጠላት ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እናቴ ደም ግፊት አለባት፣ በአልትራሳውንድ ሲታይ የልቧ ጡንቻ ወፍሯል ተባለና ሎሳርታን የሚባል የግፊት መድኃኒት ጀመረች። የልብ ሴሎች በቅባት መልዕክት ያስተላልፋሉ ሲባል ደግሞ ሰማሁ፣ ቅባት ለልብ መጥፎ አይደል እንዴ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደም ስር የሚደፍነው ኮሌስትሮል ሌላ ይሄ ሌላ ነው። የሴሉ ሽፋን ራሱ በአብዛኛው ከቅባት ነው የተሰራው፣ እዛ ውስጥ ፒፕ ቱ የሚባል በመጠኑ በጣም ትንሽ የሆነ ቅባት አለ። አንጂዮቴንሲን ቱ የሚባለው ደም ግፊት የሚጨምር ሆርሞን ሴሉ ላይ ሲያርፍ ፎስፎላይፔዝ ሲ የተባለ ኢንዛይም ይነሳና ፒፕ ቱን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፣ አንዱ ቁራጭ አይፒ ስሪ ካልሲየም ያስለቅቃል፣ ሌላው ዳያሲልግሊሰሮል ግን እዛው ሽፋኑ ላይ ቀርቶ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ የሰማሽው የቅባት መልዕክት ይሄ ነው። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ጤነኛ ስራ ነው። ግፊቱ ለአመታት ሳይታከም ሲቆይ ግን መልዕክቱ አያባራም፣ የአዋቂ ሰው የልብ ጡንቻ ሴል ደግሞ እንደ ቆዳ ስለማይባዛ እያንዳንዱ ሴል ራሱ ይወፍራል፣ የእናትሽም ልብ የወፈረው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ሎሳርታን ሆርሞኑ የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል፣ ግፊቱ በደንብ ከተያዘ ውፍረቱም በጊዜ ሊቀንስ ይችላል። እባክሽ "ተሽሎኛል" ብላ እንዳታቋርጠው፣ ኩላሊቷንና ፖታሲየሟንም በየጊዜው ታስመርምር።