ሂተር ከመግዛትህ በፊት ቴርሞስታትህን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዱባይ የመጣ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር አለህ። ናፍጣ ነው፤ ሂተር የለውም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሠራተኛ ጭነህ ከጅማ ወደ አጋሮ ትወጣለህ። ክረምት ላይ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይይዝና መንገዱን ያሳጣሃል። በሞተሩ ውሃ የሚሠራ ሂተር መግጠም ይቻላል ወይ ነው ያልከው። አንድ ወዳጅህ ደግሞ "ሙቀቱን ከጭስ ማውጫው ውሰድ፣ እሱ ይቀላል" ብሎሃል።

ይቻላል። ጅማ ውስጥ ጋራዥ ከሠራሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በላንድክሩዘርም በሚኒባስም ገጥሜዋለሁ። መጀመሪያ ግን የጭስ ማውጫውን ነገር እንጨርሰው።

ተወው፤ እለምንሃለሁ። ጭስ ማውጫው ላይ ላሜራ ጠቅልለህ በመሃሉ የሚያልፈውን አየር ወደ ውስጥ ብትስብ መሞቁን ይሞቃል። ቱቦው የተሰነጠቀ ወይም የዛገ ቀን ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ከሰል አንድደው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። መስኮት ዘግተው የሚያንቀላፉ ሠራተኞች ይዘህ እንደምትሄድ አትርሳ። በብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሙቀት የሚወሰደው በዚህ መንገድ ነው፤ አደጋውም የታወቀ ነው። በዚህ ምክንያት አውሮፕላን በቤታቸው ከሚሠሩት ሰዎች ውስጥ ውሃን የሚመርጡ አሉ። ሮታክስ 912 የሚባለው የአውሮፕላን ሞተር ቴስታታው፣ ማለት ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል፣ በፈሳሽ ነው የሚቀዘቅዘው። ያንን ፈሳሽ በጎማ ቱቦ ወደ ውስጥ አምጥተው በትንሽ ራዲያተር ያሳልፉታል። እያንዳንዷን ኪሎ የሚቆጥሩት ሰዎች የጎማና የውሃ ክብደት ከተሸከሙ፣ ለላንድክሩዘር ይህ ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሂተር ራሱ ሙቀት አይሠራም። ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቀት ነው የሚያካፍለው። ሞተሩ ካልሞቀ የፈለግከውን ሂተር ብትገጥም ነፋስ ብቻ ነው የምታገኘው። እዚህ አገር ደግሞ ብዙ ሞተር በደንብ አይሞቅም፤ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሏላ።

እንዴት እንደሚወጣ ታውቃለህ። መኪናው "ሞቀብኝ" ተብሎ ይመጣል። ትክክለኛው ችግር የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጊያ ወይም የማይዘጋ የራዲያተር ክዳን ይሆናል። ቀላሉ ነገር ግን ቴርሞስታቱን ማውጣት ነው። "አገሩ ሙቀት ነው፣ አያስፈልገውም" ይባላል። ይሄ ነገር ዛሬም ያናድደኛል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። ላዩ ላይ 76 ወይም 82 የሚል ቁጥር ተመትቶበት ታያለህ፤ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። በሩ ከሌለ ውሃው ገና ከመጀመሪያው ራዲያተር ውስጥ ይዞራል። በጅማ ጠዋት፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከነጭራሹ፣ ሞተሩ ለብ እንዳለ ይቀራል። ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ቴርሞስታት ከታች ሁለተኛ ሳህን አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ያ ሳህን ራዲያተሩን ዘሎ የሚያልፈውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እሱን አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከውሃው የተወሰነው ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ከጊቤ በረሃ ወደ ወልቂጤ በኩል ጭነህ ስትወጣ የሚያሞቅህ ይህ ሊሆን ይችላል። እንዲቀዘቅዝ ብለህ ያወጣኸው ነገር ዳገት ላይ ያፈላሃል ማለት ነው።

ይህን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። መጀመሪያ ሂተር የገጠምኩለት ሚኒባስ በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። "ነፋስ ብቻ ነው የሚሰጠኝ" አለኝ ባለቤቱ። ፈታሁት፣ አየር አስወጣሁ፣ ገጠምኩት፤ ያው ነው። የሂተሩን ራዲያተር አስቀየርኩት፤ አሁንም ያው። በሦስተኛው ቀን የቴርሞስታቱን ቤት ስከፍት ባዶ ነው። ሰውየው ከሥራ የቀረበትን ቀን አስበው። ከዚያ ወዲህ ሂተር ግጠምልኝ ለሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምፈታው እዚያ ያሉትን ቡሎኖች ነው።

አንተም ሳትፈታ መሞከር ትችላለህ። ጠዋት በቀዝቃዛው አስነሳ። ከማራገቢያው እየተጠነቀቅክ ራዲያተሩን ዳስሰው። ቴርሞስታት ካለ ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ኋላ በአንዴ ይግላል። ከሞተሩ ጋር አብሮ ቀስ እያለ ለብ ካለ፣ ወይ የለም ወይ ክፍት ሆኖ ተጣብቋል። ስትመልሰው ራዲያተሩንም አሳጥብ። ራዲያተሩ ተደፍኖ ቴርሞስታት ብቻ ብትመልስ ሞቀብኝ ብለህ እኔን ትረግመኛለህ።

ሂተሩን በተመለከተ፣ አዲስ ባትፈልግ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ስትወጣ ሶማሌ ተራ ጎራ በል። ከሚኒባስ የወጣ የኋላ ሂተር ጠይቅ። ትንሿ ራዲያተር፣ ማራገቢያውና ሳጥኑ አንድ ላይ ይገኛሉ። ከመግዛትህ በፊት አንዱን አፍ ዘግተህ፣ በሌላው አየር አስነፍተህ ውሃ ውስጥ አስነክረው። አረፋ ካወጣ ተወው። ማራገቢያውንም በባትሪ አሠራው። ያንተ መኪና 12 ቮልት ይሁን 24 አረጋግጥ፤ ለምሳሌ ከአይሱዙ ኤንፒአር የወጣ ዕቃ 24 ቮልት ነው።

ውሃውን ከየት ትወስዳለህ? ሙቁን ከቴስታታው፣ ቴርሞስታቱ ከሚዘጋው በር በፊት። መመለሻው ፖምፓው ውሃ ወደሚስብበት በኩል። ብዙ ሞተር ላይ ለዚሁ የተሠሩ አፎች አሉ፤ ሂተር ሳይኖረው ለመጣ መኪና በክዳን ወይም በአጭር ጎማ ተገናኝተው ነው የምታገኛቸው። ሁለቱንም ጎማ ከላይኛው የራዲያተር ጎማ ላይ የሚያያይዙ አይቻለሁ። አይሠራም። ውሃ የሚሄደው አንዱ ጫፍ ሲገፋ ሌላው ሲስብ ነው።

ጎማው ላይ አትቆጥብ። የሙቅ ውሃ ጎማ መሆን አለበት፤ ብዙ ጊዜ የውስጡ ስፋት 16 ሚሊሜትር ነው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ የተገጠመበት መኪና ጋራዤ ገብቶ ያውቃል። ሲሞቅ ለስልሶ ከማሰሪያው ሾልኮ ወጥቷል። ከ80 ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ እግርህ ላይ ሲፈስ አስበው። ጎማው ላሜራውን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ በሚገባበት ቦታ የላስቲክ ቀለበት አድርግለት። የላሜራ ጠርዝ በኮረኮንች መንገድ ላይ እንደ ቢላዋ ነው፤ ጥቂት ወራት ይበቃዋል። ሙቅ ውሃ በሚሄድበት ጎማ ላይ፣ በሞተሩ በኩል፣ የነሐስ መዝጊያ ቫልቭ አስገባበት። ጊቤ ስትወርድ ትዘጋዋለህ፤ ካልሆነ ሂተሩ በዚያ ሙቀት ያቃጥልሃል።

የኤሌክትሪኩ ነገር አጭር ነው። ለብቻው ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) አድርግለት፤ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ ይጥፋ።

አየር ማስወጣቱ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። የሂተሩ ሳጥን ከራዲያተሩ ክዳን ከፍ ካለ አየር እዚያ ይታሰራል፤ ውሃም አያልፍም። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አድርገህ አቁመው። ቫልቩን ክፈት። ክዳኑን ከፍተህ ቀስ እያልክ ሙላ። የሂተሩን የላይኛውን ጎማ ላላ አድርግ፤ አረፋ የሌለው ውሃ ሲመጣ እሰረው። ከዚያ አስነሳና ጎማዎቹን በእጅህ ጨመቅ ጨመቅ አድርግ፣ ሲጎድል ሙላ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ክዳኑን እንዳትነካው። ጅማ ከባሕር ጠለል ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነው፤ ያረጀ ክዳን ካለህ በዚሁ አጋጣሚ ቀይረው።

የምትሞላውም የቧንቧ ውሃ ብቻ አይሁን። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ሞተር ውስጥም ይጋገራል፤ ዝገቱም አለ። የሂተር ቱቦዎች ቀጫጭን ስለሆኑ መጀመሪያ የሚደፈኑት እነሱ ናቸው። ግማሽ ኩላንት (ዝገት የሚከላከለው የራዲያተር ፈሳሽ)፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ አድርግ። ራዲያተር ሲያፈስ የሚጨመረውን መድፈኛ ዱቄት አትጠቀም፤ ሂተሩንም አብሮ ይደፍነዋል።

ሲያልቅ ወደ ጅሬን ዳገቱን ወጥተህ ውረድና ሁለቱን ጎማ ዳስስ። ሁለቱም ትኩስ ሆነው መመለሻው ትንሽ ቀዝቀዝ ካለ ጥሩ ነው። መግቢያው እየፈጀ መመለሻው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ አየር አለ ወይም ተደፍኗል። ሁለቱም ለብ ካሉ፣ ተመልሰህ ቴርሞስታቱን እይ።

ለጉሙ ደግሞ ነፋሱን ወደ መስታወቱ በሚወስድ ቱቦ ምራው፤ አየሩንም ከውጭ ይሳብ። የአሥር ሰው ትንፋሽና እርጥብ ልብስ ያለበትን አየር ደጋግመህ ብታሞቀው እርጥበቱ የትም አይሄድም። መስኮት በአንድ ጣት ክፈት።

ወደፊት መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ጉም ካየህ፣ ወይም ጣፋጭ የሚል ሽታ ከመጣ፣ ወይም ምንጣፉ ከረጠበ ሂተሩ እያፈሰሰ ነው። አጋሮ መንገድ ላይ ከሆንክ ሞተሩን አጥፋና እስኪበርድ ጠብቅ። ሁለቱን ጎማ ከሂተሩ ፍታና በአጭር የብረት ቱቦ እርስ በርስ አገናኛቸው። የጎደለውን ሙላና ቀጥል። ያቺን ቱቦ ከሁለት ማሰሪያና ከአምስት ሊትር ውሃ ጋር ወንበር ሥር አስቀምጣት። የሚቸግርህ ነገር ካለ የቴርሞስታቱን ቤትና የቴስታታውን ጎን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ጎማዎቹን የት የት እንደምታስገባ አሳይሃለሁ።