አይሱዙ የማይጭነው

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ያህል ለባንክ የቤት ዋጋ ስገምት ኖሬያለሁ። ከወልዲያ እስከ ወረኢሉ ያልለካሁት ግድግዳ ጥቂት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራዬ ደሴ ተቀምጦ ቡና መጠጣትና የእናንተን ጥያቄ መስማት ሆኗል። ጥያቄያችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። «አዲስ አበባ ጥሩ ደመወዝ አገኘሁ፣ ልሂድ ወይ?» «ኮምቦልቻ ይሻለኛል ወይ?» ከመመለሴ በፊት አንድ ያፈርኩበትን ቀን ላውራችሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። መካነ ሰላም ከተማ አንድ ቤት ልገምት ሄድኩ። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር፤ በጠዋት ተነስተን ስንናጥ ውለን ደረስን። ባለቤቱ ሸቀጥ የሚነግዱ አንድ ሼህ ናቸው። ቤቱን አስይዘው ሊበደሩ ነው። ቡና ተፈላ። እኔ ሜትሬን አወጣሁ። ግድግዳውን ለካሁ፣ ቆርቆሮውን ቆጠርኩ፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ በጫማዬ መታ መታ አደረግኩ። ባዶ ድምፅ የለውም። አራት ክፍል፣ ብሎኬት፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ሆኖ በኖራ የተቀባ። ጥሩ ቤት ነው።

በዚያው ሳምንት ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ መንትያውን ገምቼ ነበር። ያው አራት ክፍል፣ ያው ብሎኬት። እንዲያውም የደሴው ጣሪያ ያፈስ ነበር።

የሼሁ ቤት ግምት የደሴውን ግማሽ አልሞላም። ባንኩ የፈቀደላቸውን ሲሰሙ ደሴ ድረስ መጡ። አልተቆጡም፣ ቁጭ አሉና ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ቆርቆሮው ከደሴ ነው የመጣው። ሲሚንቶውም ከደሴ ነው። የጭነቱን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ታዲያ እንዴት ከደሴው ቤት ያነሰ ሆነ?» የባንክ ቋንቋ መደርደር ጀመርኩ። አቋረጡኝ። «አይ፣ ገባኝ። የለካኸው ቤቴን ነው፤ የገመትከው ግን ከተማውን ነው።»

እውነታቸውን ነው። ቤታቸው ለመሥራት የበለጠ ፈጅቷል፣ ሲገመት ግን አነሰ። ይህ ነገር ዓመታት ሲያብሰለስለኝ ኖሮ በኋላ በአንድ የጅል ጥያቄ ተፈታልኝ። አንድ ነገር ከቦታ ቦታ ዋጋው ሲለያይ «አይሱዙ ይጭነዋል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ስኳርን ይጭነዋል። ዘይትን፣ ቆርቆሮን፣ የቆቦን ሽንኩርት ይጭናል። ስለዚህ የእነዚህ ዋጋ ደሴና አዲስ አበባ ላይ በጣም ሊራራቅ አይችልም። የጭነት፣ የኬላና የደላላ ያህል ይለያያል፣ በቃ። ከዚያ በላይ ከሰፋ ነጋዴ ተኝቶ አያድርም፤ ማታውኑ ይጭናል። ሽንኩርቱ ቆቦ ላይ ርካሽ የሆነው ገና ስላልተጫነ ነው። መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ ለወሎ ሰው አልነግርም፤ ሁላችንም አይተነዋል።

ቦታን ግን አይሱዙ አይጭነውም። መካነ ሰላም ትርፍ ሜዳ አለ ብላችሁ ቆርሳችሁ ደሴ አታመጡም። በሕጋችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ መሬት አይሸጥም። የሚሸጠው ቤቱ ነው። ግን ደላላ ጋ ሄዳችሁ የሚፈርስ ጭቃ ቤት ዋጋ ብትጠይቁ የሚነገራችሁ የጭቃው ዋጋ አይደለም፤ የቦታው ነው።

ደሴን ተመልከቱ። በጦሳና በአዘዋ መሀል የተወሸቀች ከተማ ናት። ሜዳዋ ትንሽ ነው። ተዳፋት ላይ የሚሠራ ሰው ግማሹን ብሩን ለመሠረትና ለድጋፍ ግንብ ከመሬት በታች ይቀብረዋል። አንድ ጊዜ አንድ ቤት ስገምት ባለቤቱ ወደ ጓሮ ወሰደኝና ከቤቱ የሚረዝም የድንጋይ ግንብ አሳየኝ። «ይህንንም ጻፍልኝ፤ ልጄን ድሬ የቀረኝ ብር ነው» አለኝ። ታዲያ በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ፣ የዞኑ ቢሮዎች፣ ነጋዴው ሁሉ ይጋፋል። በ2013 እና በ2014 ከሰሜን የተፈናቀለው ወገናችን ሲገባ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንዳደረ አይቻለሁ። ቦታው አልጨመረም፣ ሰው ጨመረ።

ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ኮምቦልቻ ናችሁ። እዚያ ሜዳ አለ። በሚሌ በኩል የጅቡቲ መንገድ አለ። ፋብሪካ አለ፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ተመርቋል። ሜዳ ካለ ቤት ይረክሳል ብላችሁ ይሆናል። ፋብሪካ ሰው ሲጠራ ግን ክፍል ቶሎ አይደርስም። የከብት በረት የነበረ ቤት በር ተገጥሞለት፣ በሦስት ተከፍሎ «ሰርቪስ» ተብሎ ሲከራይ በዓይኔ አይቻለሁ። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ደሴ ብርድ ነው። ደሴ ለብርድ ልብስና ለከሰል የምታወጡትን ኮምቦልቻ ለአጎበር ታወጡታላችሁ። ይህን ማንም አይነግራችሁም።

ሐይቅና መርሳ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ትንሽ ከተማ፣ ብዙ ሥራ የሌለበት፣ ቤቱ ግን የሚያስደነግጥ ዋጋ ያለው። ማን ሠራው? ዓረብ አገር ያለች ልጅ። ቁልፉ እናቷ ጋ ነው። በዚያ ከተማ የቤት ዋጋ የሚቆረጠው በመምህሩ ደመወዝ አይደለም፣ ሪያድ ላይ በሚታጠብ ሰሃን ነው። መምህሩ ምንም ቢቆጥብ አይደርስበትም። ልጅቱንም አትውቀሱ፤ ሌላ ምን ላይ ታስቀምጠው?

ላሊበላን ልዝለለው። ለገና ሰሞን አንድ አልጋ የጠየቀ ሰው ያውቀዋል።

ሌላም አይሱዙ የማይጭነው ነገር አለ፦ የሰው ጉልበትና ጊዜ። ፀጉር ቆራጩ ኩታበርም ሆነ ቦሌ ያው መቀስ ነው የያዘው፤ ያው ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅበት። የቦሌው ለምን አብልጦ አስከፈለህ? እሱም ቤት ይከራያል፣ ሱቁም ኪራይ ነው፣ ደንበኛውም መክፈል ይችላል። ኪራይ ቤት ውስጥ ብቻ አይቀመጥም። ማኪያቶው ውስጥ አለ፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ የልብስ ሰፊው መርፌ ላይ አለ። ስለዚህ ቤት የተወደደበት ከተማ ሁሉም ነገር ይወደዳል፤ በአይሱዙ የመጣው ስኳር እንኳን ሱቅ ከገባ በኋላ ኪራይ ይጨመርበታል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የደመወዝ እርከኑ ያው ነው፤ ወረኢሉም ደሴም። በግል ድርጅት ከሆነ ደግሞ በአገራችን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልተቆረጠም፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ቢልም። ስለዚህ የከተማውን ኑሮ አስልቶ የሚከፍላችሁ የለም። ማስላት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

እንበል፣ ደሴ እጅህ ላይ 10,000 ብር ይገባል፣ ለክፍል 3,000 ትከፍላለህ። አዲስ አበባ 15,000 እንሰጥሃለን አሉህ። 15,000ው ከግብርና ከጡረታ መዋጮ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን ሳትጠይቅ አትደሰት። እሺ፣ በኋላ ይሁን። ክፍሉ 8,000 ሆነ። ጭማሪህ 5,000፣ የኪራዩ ልዩነትም 5,000። ታክሲውን ማን ይክፈል? ምሳውንስ?

እኔ ይህን ሒሳብ ሳልሠራ ነው በወጣትነቴ አዲስ አበባ የተዛወርኩት። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ ከገደል ሥር ተወልጄ አላየሁትም። ስድስት ወር ቅድሚያ ከፍዬ አንድ ክፍል ገባሁ። ውሉ በቃል ነበር። በሰባተኛው ወር አከራዬ ጨምር አለኝ። ለእናቴ እልከው የነበረው ብር ቀረ። ብር እንዳለቀብኝ ለመናገር አፍሬ ሁለት በዓል አገሬ ሳልሄድ ዋልኩ። ደመወዜ አድጎ እኔ ደኸየሁ።

ግን ሁሉንም ልንገራችሁ፣ ግማሹን ደብቄ ምክር አይሆንም። እዚያ በቆየሁበት ዓመት ተኩል ፎቅ መገመት ተማርኩ። ደሴ ያኔ የሚገመት ፎቅ እምብዛም አልነበረም። አንድ ኃይለኛ አለቃ ነበረኝ፤ ወረቀቴን ሦስት ጊዜ ይመልስብኛል። ከዚያ በኋላ እንጀራዬን የበላሁት በዚያ ነው። ስለዚህ ውድ ከተማ አትሂዱ አልልም። ኪራዩን እንደ ትምህርት ክፍያ ቁጠሩት። ትምህርት ከሌለው ግን፣ ያንኑ ደሴ የምትሠሩትን ሥራ ልትሠሩ ከሆነ፣ ምን ልትከፍሉ ትሄዳላችሁ?

ርካሽ ከተማም ርካሽ የሆነው በነፃ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሥራ ስለሌለበት ነው። ሥራውን ይዘህ የምትሄድ ከሆነ፣ መምህር፣ ነርስ፣ በኮምፒውተር ከሩቅ የምትሠራ ከሆንክ፣ ገነት ነው። ከዚያ በተረፈ ኪራይ እየቀነሰልህ ዕድሜህ ይከራያል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የወረኢሉ ወዳጆቼ ይቆጡኝ ይሆናል።

ከመወሰናችሁ በፊት ሄዳችሁ አንድ ቀን እደሩ። ደላላ የሚነግራችሁን አትመኑ፤ ሱቅ ግቡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ተከራይ ጠይቁ። ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣል? ቆጣሪው የጋራ ነው? የጋራ ከሆነ አከራዩ በነፍስ ወከፍ ነው የሚያካፍለው ወይስ በአምፖል? ትስቃላችሁ፤ እኔ በአምፖል ከፍያለሁ። ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። አዋጁ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ይሠራል፤ በክልል ደግሞ ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች። የምትሄዱበት ከተማ ውስጡ አለበት ወይ ብላችሁ ቤቶች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አታፍሩ። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ኖሮ ሁለቱን በዓል አገሬ እውል ነበር።

እና አብሽሩ። ቤት አይሱዙ ላይ አይወጣም እንጂ ሰው ይወጣል። አልሆን ያላችሁ ከተማ ላይ የመቆየት ግዴታ የለባችሁም።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ደወለ። አዲስ አበባና ኮምቦልቻ ሁለት ሥራ አግኝቶ ተወዛግቧል። «ጋሼ፣ የቱ ይሻላል?» አለኝ። የሁለቱንም ክፍል ኪራይ ታውቃለህ ወይ አልኩት። የአዲስ አበባውን ያውቃል። የኮምቦልቻውን «ያው ርካሽ ነው» አለኝ። «ስንት?» አልኩት። ዝም አለ። «ውሃውስ?» አልኩት። «ጠይቄ ልደውል» ብሎ ዘጋው።

እየጠበቅኩት ነው።