ካርቡሬተሩን ሦስተኛ እንዳትፈታው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ጉድ ያነበብኩ መሰለኝ። ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ የምትሠሩባት ባለ ሁለት ምት፣ 15 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር ገመዱ አንዴ ሲሳብ ትነሳለች፤ አምስት ደቂቃ ያህል ሄዳ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ትጠፋለች። ትንሽ ስታርፍ ደግሞ እንደገና ትነሳለች። ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠውን) ቀይራችኋል፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ሁለቴ አጽድታችኋል።

እኔ ሦስቴ ፈትቼዋለሁ። በሦስተኛው ጓርኒሲዮኑ (መጋጠሚያው ላይ የሚገባው ስስ ማሸጊያ) ተቀደደና ለእሱ ብዬ ከአሰንዳቦ ጅማ ድረስ ተመለስኩ። አጂፕ አካባቢ ባጃጅ የሚሠራ ወዳጄ ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ፣ «የታንከሩ ክዳን ይተነፍሳል?» አለኝ። ክዳኑ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ማለቱ ነው። አይሱዙ ላይ ስንጭን ቤንዚን እንዳይፈስ ብዬ ጥርቅም አድርጌ የዘጋኋት ራሴ ነኝ! ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ካልገባ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይስባል፣ የሞተሯ ቤንዚን ፓምፕም ያቅተዋል። ሞተሯ እንደጠፋች ክዳኑን ስትከፍት «ፍስስ» ካለ፣ በሽታው ተገኘ።

ብሎኗ ክፍት ከሆነስ? ልትጠፋ ስትንተፋተፍ ከታንከሩ ወደ ሞተሯ በሚሄደው የቤንዚን ጎማ ላይ ያለችውን በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ፓምፕ ቶሎ ቶሎ ጨምቃት። ሞተሯ ነፍስ ከዘራች ቤንዚን እየደረሳት አይደለም። ፓምፗ ተጣብቃ ጠፍጣፋ ከሆነች መታፈኑ ከታንከሩ በኩል ነው፦ ውስጥ ያለው ወንፊት፣ ወይም ያረጀ ጎማ ውስጡ ተልጦ መንገድ ዘግቶ ይሆናል። የጎማው ተንኮል ከውጭ አይታይም። ጠፍጣፋ ሳትሆን ልል ከሆነች ደግሞ የሆነ ቦታ አየር ይገባል። ማገናኛው ውስጥ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት እይ፤ እሷ ደህና ከሆነች የሞተሯን ፓምፕ ስስ ላስቲክ ፈትሽ።

ፓምፗ ጠጣር ሆና ብትጨምቃትም ለውጥ ከሌለ ወደ እሳቱ ሂድ። እንደጠፋች ወዲያው፣ ሳትበርድ፣ ካንዴላውን አውጥተህ ብረት ላይ አስነክተህ ገመዱን ሳብ። ቤንዚን የፈሰሰበት አጠገብ ግን እንዳይሆን። ስትሞቅ ብልጭታ የማይሰጥ፣ ስትበርድ የሚሰጥ ከሆነ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከውን ኮይል ጠርጥር።

ካንዴላው ጠቁሮ እርጥብ ሆኖ መውጣቱ ብዙም አያስደንግጥህ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል።

ዘይቱን ግን አደራ። የባጃጅ ዘይት ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት፤ በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራው ሌላ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ቲሲ ደብሊው 3 ይላል። መጠኑ ለብዙዎቹ 50 ለ 1 ነው፣ ማለትም ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር። የሞተራችሁ መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ስሙ። በሀይላንድ የተሸጠ ቤንዚን ከገዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ አስቀምጣችሁ እዩት። ውሃ ካለበት ሥር ይተኛል።

ሌላው፣ ከኋላ በቀጭኑ የምትሸናው የማቀዝቀዣ ውሃ። ከቀጠነች ወይም ከቆመች ወዲያው አጥፋ። የጊቤ ውሃ በክረምት ደለል ነው፣ የውሃ ፓምፑን የጎማ ክንፎች ይበላል። እኔ በየዓመቱ እቀይራለሁ። ለሙከራም ቢሆን በደረቁ አታስነሳት፤ ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ከተህ ነው። የታችኛው የማርሽ ዘይት ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል፣ ፓራዮሊ (ዘይት እንዳይወጣ ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ይቀየር።

ለማንኛውም ዛሬ ክዳኑን ፈትሽ። የጎማዋ ፓምፕ ጠፍጣፋ ናት ወይስ ልል? እሱን ጻፍልኝ።