ከአፕዴት በኋላ ስሊፕ እምቢ ላለው ላፕቶፕ፦ ፎርማቱን አቆየው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ላፕቶፑ ወደ ዊንዶውስ 11 ካደገ ወዲህ ስሊፕ (እንቅልፍ) አላደርግ ብሎሃል። ማታ ክዳኑን ዘግተህ ትተኛለህ፣ ጠዋት ባትሪው ባዶ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ለሥራ ስትወርድ ቦርሳህ ውስጥ ይግላል። አንዳንዴ ደግሞ ስትከፍተው መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ያሳየኸው ባለሙያም «ፎርማት ይደረግ» ብሎሃል። አብሽር፣ ላፕቶፕህ አልሞተም። ፎርማቱን ለጊዜው አቆየው።

እኔ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሰው ኮምፒውተር ስነካካ ነው የምውለው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ወደ 11 ያሳደገ ሰው ብዙ ነው፣ ይሄ የስሊፕ ነገርም አብሮ በዝቷል። ፎርማት የሚለው መልስ ለሠሪው ይቀላል፣ ላንተ ግን ይከብዳል። የሒሳብ ፕሮግራምህን ፒችትሪን ከነዳታው፣ የአማርኛ መጻፊያህን ፓወር ግዕዝን፣ የፕሪንተሩን ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም)፣ ሁሉንም እንደገና ልትጭን ነው፣ ያውም በራስህ የሞባይል ዳታ። ሁሉን ጨርሰህ እፎይ ስትል ያው አፕዴት ተመልሶ ይገባና ያው ችግር ቁጭ ይላል። ሳያዩ ፎርማት ማለት እኔ ዘንድ ሥራ አይባልም፣ ማንም ቅር ይበለው።

መጀመሪያ የምትሠራው ነገር ቀላል ስለሆነ እንዳትንቀው። ሪስታርት አድርገው። ሻት ዳውን አላልኩም፣ ሪስታርት ነው ያልኩት። ብዙ ሰው «ስንቴ አጥፍቼ አበራሁት» ይለኛል። ግን ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ነገር በርቶ ከሆነ (አብዛኛው ማሽን ላይ በርቶ ነው የሚመጣው) ሻት ዳውን ስትለው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የውስጡን ክፍል ድራይቨሮቹን ጨምሮ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጥና ስታበራው ካቆመበት ይቀጥላል። የታመመው ድራይቨር ከነሕመሙ ተመለሰ ማለት ነው። ሪስታርት ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ያስነሣዋል። ሌላም ጥቅም አለው፦ በስልክ ሆትስፖት የምንጠቀም ሰዎች ዳታ መሀል ላይ እያለቀ አፕዴቱ ግማሽ ላይ ይቆምብናል፣ ወይ ወርዶ አልቆ ሪስታርት እየጠበቀ ይከርማል። እንደዚህ ያለ ያልተቋጨ አፕዴት ሌሊት ማሽኑን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ግባና የተንጠለጠለ ነገር ካለ አስጨርሰው።

እሱ ካልፈታው ወደ ዋናው ነገር እንሂድ። አንተ የጻፍከው እንደ አንድ ችግር ነው እንጂ ሦስት ነው። አልተኛም ማለት አንድ ነው። ተኝቶ በራሱ መንቃት ሌላ ነው። ተኝቶ አልነቃም ማለት ደግሞ ሌላ ነው። መድኃኒታቸው አይገናኝም። የትኛው እንደሆነ ደግሞ መገመት የለብህም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነግርሃል።

ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብለህ ጻፍ፣ ሲመጣ በቀኝ ክሊክ አድርገህ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር በለው። ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል። የምንጠቀመው ትእዛዝ ፓወርሲኤፍጂ ነው። ፓወር የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፍና ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉትን ፊደሎች ሳትለያይ ቀጥልበት። ከዚያ ስፔስ፣ ከዚያ ስላሽ፣ ከዚያ እኔ የምልህን ቃል። ኢንተርኔት አይፈልግም። እነዚህ የምጠቅስልህ የመጀመሪያዎቹ ማሽኑን የሚጠይቁ ብቻ ናቸው፣ የሚያበላሹት ነገር የለም።

በስላሽ ኤ ጀምር። ማሽንህ የትኛውን የእንቅልፍ ዓይነት እንደሚያውቅ ይዘረዝርልሃል። ኤስ 3 የሚል ከላይኛው ዝርዝር ውስጥ ካገኘህ የድሮው ዓይነት እንቅልፍ ነው፤ ከሜሞሪው በቀር ሁሉም ነገር ይጠፋል ማለት ይቻላል። ኤስ 0 ሎው ፓወር አይድል ካለህ ግን አዲሱ ነው፣ ሞደርን ስታንድባይ የሚሉት። ይሄኛው ስልክህን ስክሪኑን አጥፍተህ ኪስህ ውስጥ እንደምትከተው ነው። ተኛ ይባል እንጂ ውስጥ ውስጡን ይሠራል፣ ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል፣ የጀርባ ሥራ ሊጀምር ይችላል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይሄን ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ኤስ 3 የሚባል የላቸውም። መቶ ጊዜ ፎርማት ብታደርገው አይቀየርም፣ የማሽኑ አሠራር ነውና። ደሴ ላይ ብርዱ ስለሚያግዝህ ሙቀቱን ልብ አትለው ይሆናል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ቦርሳው ራሱ ይናገራል።

ያንተ ኤስ 0 ከሆነ የእኔ ምክር አጭር ነው። ከስሊፕ ጋር አትታገል፣ ሃይበርኔት ተጠቀም። ሃይበርኔት የከፈትከውን ሥራ ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ማሽኑን ያጠፋዋል። ባትሪ አይበላም፣ ቦርሳ ውስጥ አይግልም። ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ፓወር ኦፕሽንስ ግባና በግራ በኩል ክዳን ሲዘጋ ምን ይሁን የሚለውን ክፈት። በባትሪም በቻርጀርም ሃይበርኔት አድርገው። ሃይበርኔት የሚል ምርጫ ካላሳየህ እዚያው ጥቁሩ መስኮት ላይ ፓወርሲኤፍጂ ስላሽ ኤች ኦን በለው፣ ይመጣል። ዲስክህ ላይ ጥቂት ጊጋ ባይት ይይዝብሃል፣ ሲነሣም ከስሊፕ ትንሽ ይዘገያል። ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ካለህ ግን ያን ያህል አይሰማህም።

ለእኛ አገር መብራት ደግሞ ሃይበርኔት ይሻላል ባይ ነኝ፣ በተለይ ዴስክቶፕ ለሚጠቀም ሰው። ስሊፕ ላይ ሥራህ ያለው ሜሞሪው ላይ ነው። ዴስክቶፑ ተኝቶ ሳለ መብራት እልም ካለ ሴቭ ያላደረግከው ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሃይበርኔት ላይ ከሆነ ግን መብራቱ ሲመጣ ሥራህን ካለበት ታነሣዋለህ።

ኤስ 3 ኖሮህ በራሱ እየነቃ ከሆነ ደግሞ ማን እንደቀሰቀሰው ጠይቀው። ያለ ፈቃድህ ነቅቶ ስታገኘው ወዲያው ስላሽ ላስትዌክ በል (አያይዘህ)፣ መጨረሻ ላይ ያነቃውን ይነግርሃል። ስላሽ ዌክታይመርስ ደግሞ ወደፊት ሊቀሰቅሰው ሰዓት የሞላ ፕሮግራም ካለ ያሳይሃል። እዚያ ላይ አፕዴት ኦርኬስትሬተር የሚል ስም ካየህ ያ የዊንዶውስ አፕዴት ሥራ ነው። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ አድቫንስድ የሚለው ጋ ገብተህ፣ ስሊፕ ከሚለው ሥር አላው ዌክ ታይመርስን ዲሴብል አድርገው። ትልልቅ አፕዴቶች አንዳንዴ የፓወር ሴቲንግን ወደ ነበረበት ስለሚመልሱት ድሮ አስተካክዬዋለሁ ብለህ አትለፈው፣ እንደገና እየው።

ከዚያ ስላሽ ዲቫይስኩዌሪ፣ ስፔስ፣ ዌክ አንደርስኮር አርምድ በል። ኮምፒውተሩን የመቀስቀስ ፈቃድ ያላቸውን ዕቃዎች ይዘረዝራል። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ የኔትወርክ ካርድ ልታይ ትችላለህ። እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ደንበኛዬ እንደ አንተ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ላፕቶፑ ቤት ውስጥ ሰላም ነው፣ ሚኒባስ ውስጥ ግን ይነቃል። ስሊፕ ላይ ሆኖ ቦርሳው ውስጥ ሲከተው ገመድ አልባ ማውሱም እዚያው አብሮት ነው፣ ሪሲቨሯ ትንሿ ነገርዬ ደግሞ ዩኤስቢው ላይ እንደተሰካች። ሐረጎ ላይ (ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ) በየኩርባው ቦርሳው ሲወዛወዝ ማውሱም ይንቀሳቀሳል፣ ማሽኑ ባለቤቴ ፈለገኝ ብሎ ይነሣል። እሱ ግን ባትሪውን ሲራገም ይከርማል። ዲቫይስ ማኔጀር (የማሽኑ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ማውሱን ከፍተን ፓወር ማኔጅመንት ከሚለው ላይ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት አነሣንለት። አለቀ። ክዳኑ ተዘግቶም በማውስ የሚነቃው ሁሉም ላፕቶፕ አይደለም፣ ግን ቦርሳህን ፈትሽ። የኔትወርክ ካርዱም ተመሳሳይ ምልክት አለው፣ እሱንም አንሣው።

ጭራሽ አልተኛም ካለ ደግሞ ስላሽ ሪኩዌስትስ ነው የሚያስፈልግህ። እንዳይተኛ የያዘውን ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ያሳያል። ብዙ ጊዜ ዘፈን ወይ ቪዲዮ ክፍቱን የተተወ ብራውዘር ነው። ቢሮ ውስጥ ግን ሌላ አለ። ፒችትሪ በሁለት ሦስት ኮምፒውተር ሲሠራ ዳታው አንዱ ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ በኔትወርክ ይከፍቱታል። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ነጋዴ ቤት «ከአፕዴቱ በኋላ ተበላሸ» ተብሎ ሄድኩ። ሪኩዌስትስ ብዬ ሳየው ኤስአርቪኔት የሚል ቁጭ ብሏል። ይሄ ማለት በኔትወርክ ሌላ ማሽን ከዚህኛው ፋይል እየጠየቀ ነው ማለት ነው። ጓዳ ያለችው የሒሳብ ሠራተኛ ፒችትሪውን ከፍታ ምሳ ወጥታለች! አፕዴቱ እዚያ ላይ ከደሙ ንጹሕ ነው። እንዲያውም ዳታ የያዘ ኮምፒውተር ባይተኛ ነው የሚሻለው።

አሁን የጥቁሩን ስክሪን ነገር። መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ እየዞረ፣ ስክሪኑ ብቻ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው የግራፊክስ ድራይቨሩን ነው። ቶሎ ብለህ የፓወር ቁልፉን ተጭነህ አታጥፋው፣ ሴቭ ያላደረግከው ይሄድብሃል። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ አራቱን አንድ ላይ ተጫን። ይሄ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል፣ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ጥፋተኛውን ያዝከው። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ፣ ካርዱን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር። ሮል ባክ የሚለው ቁልፍ የሚነካ ከሆነ አፕዴቱ ድራይቨሩን ቀይሮት ሊሆን ይችላል፣ ወደ ቀድሞው መልሰው። የማይነካ ከሆነ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ የሞዴልህን ድራይቨር አውርደህ ጫን። «ድራይቨር ሁሉ በአንድ ጊዜ እናድሳለን» የሚሉትን ፕሮግራሞች አትንካ፤ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን ደግሞ ጨርሶ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ፣ ችግሩም አፕዴቱ በገባበት ቀን ከጀመረ፣ አፕዴት ሂስትሪ ውስጥ ገብተህ የቅርቡን አፕዴት አንኢንስቶል ማድረግ ትችላለህ። ከዚያ አፕዴቱን ፖዝ በለው፣ እስከ 5 ሳምንት ይፈቅድልሃል። ለሁልጊዜ ግን አትዝጋው፣ የደኅንነት ጥገናው የሚመጣው በዚያው ነው። ወደ 10 ልመለስ ካልክ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ የሚል አለ፣ እሱ ግን ካሳደግክ በ10 ቀን ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። ያንተ ሳያልፍበት አይቀርም፣ ድጋፉ ወዳበቃለት ሲስተም መመለሱንም አልመክርህም።

ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) አፕዴት አድርግ የሚልህም አይጠፋም። እውነት ነው፣ አንዳንዱ የስሊፕ ችግር በእሱ ይፈታል። ግን መጨረሻ ላይ አድርገው። ባትሪው ሙሉ፣ ቻርጀሩ የተሰካ፣ ፋይሉ ከአምራቹ ለራስህ ሞዴል የወረደ ይሁን። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ወይ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ዩፒኤስ አትሞክረው። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱን ልታጣው ትችላለህ፣ ያኔ ነገሩ ከስሊፕ አልፎ ይሄዳል።

በል አሁን ስላሽ ኤ ያወጣልህን በስልክህ ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፈው። በራሱ ነቅቶ ስታገኘው ደግሞ ላስትዌክ ያለውን ጨምርበት፣ የላፕቶፑን ሞዴልም ጻፍ። ማታ ገብቼ አየዋለሁ።