የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ጀግኖቼን በሙሉ አንድ ዴክ ውስጥ ማስገባት እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን ከልጅነቴ ጀምሮ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ የጀመርኩትም በ2023 የመጽሐፉ ካርዶች ስለወጡ ብቻ ነው። ዴኬ (የምጫወትበት የካርድ ክምር) 60 ካርድ ነው፣ አራጎርን አለ፣ ጋንዳልፍ አለ፣ ሳውሮን አለ፣ ሸረሪቷ ሼሎብ አለች፣ ሁሉም አንድ አንድ፣ አምስቱም ከለር አለበት፣ ላንድ ደሞ 18 ነው ያስገባሁት። ከጓደኞቼ ጋ ስጫወት ግን ሁሌ እኔ ነኝ የምሸነፈው፣ ወይ ላንድ አይመጣልኝም ወይ የመጣው ላንድ ከለሩ አይሆንም። ግማሹን አውጣው ይሉኛል፣ እኔ ደሞ ማንን ላውጣ? ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። (የጋንዳልፍ ወዳጅ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበልህ፣ ጓደኞችህ የሚሉህን ሰምተህ መጽሐፉን ከዴክህ እንዳታወጣው። ካርድ ጨዋታ ውስጥ የምትወደውን ታሪክ ይዘህ መግባት ትልቅ ነገር ነው፣ በውድድር የሚያሸንፈውን ዴክ ከኢንተርኔት ኮፒ አድርጎ የሚመጣ ሰው የማያገኘው ደስታ አለው። ችግሩ መውደድህ ላይ ሳይሆን ሁሉንም በአንዴ ጠረጴዛው ላይ ማውጣት መፈለግህ ላይ ነው። በኔ እምነት ማንን እንደምታጫውት ፍቅርህ ይወስን፣ ስንት ካርድ እንደሚገባ ግን ሂሳቡ ይወስን።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። (ለማታውቁት አንባቢዎች፣ ላንድ ማለት ማና የሚሰጥ ካርድ ነው፣ ማና ደሞ ሌላውን ካርድ ለማውጣት የምትከፍለው ነው፣ አምስት ከለር አለው፣ ላንድ ከሌለህ እጅህ ላይ ያለው ጀግና ምንም ቢሆን እዛው ይቀመጣል።) ከ60 ካርድ 18ቱ ላንድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ከምታነሳቸው 7 ካርዶች ውስጥ አንድ ላንድ ብቻ ወይም ጭራሽ ምንም የማታገኝበት እድል 31 ፐርሰንት ነው፣ ማለትም ከሦስት ጨዋታ አንዱን ገና ሳትጀምረው ነው የምትቸገረው። ላንዱን 24 ስታደርገው ይሄ ቁጥር ወደ 14 ይወርዳል፣ ከ2 እስከ 4 ላንድ ይዘህ የምትጀምርበት እድል ደሞ 77 ፐርሰንት ይሆናል። እድለኛ ስላልሆንክ አይደለም የምትሸነፈው ማለት ነው፣ ስድስት ላንድ ስለጎደለህ ነው፣ ጥሩ ዜና ደሞ ቤዚክ ላንድ (ተራው ላንድ) ከሁሉም ካርድ ርካሹ ነው፣ ብዙ ሱቅ እንደውም በነጻ ይሰጥሃል።

ቀጥሎ ያለው አንድ አንድ ማስገባትህ ነው። አንድ ካርድ አንዴ ብቻ ካስገባኸው፣ መጀመሪያ ባነሳኸው 7 ላይ በየተራህ አራት ካርድ ስበህ 11 ካርድ ካየህ በኋላ እሱን የማግኘትህ እድል 18 ፐርሰንት ብቻ ነው። ህጉ የሚፈቅድልህን 4 ኮፒ ካስገባህ ግን 57 ፐርሰንት አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ "ሳውሮን ዴኬ ውስጥ አለ" ስትል በአብዛኛው ጨዋታ የለም ማለት ነው፣ እሱ ቢመጣም ስድስት ማና ይፈልጋል፣ ከዛ ውስጥ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቀይ ያስፈልገዋል፣ አራጎርን ደሞ አራጎርን ዘ ዩናይተር የሚለው ካርድ ከሆነ ከጥቁር በቀር አራቱንም ከለር ይጠይቅሃል፣ ሼሎብ ጥቁርና አረንጓዴ ናት። እነዚህን አንድ ላይ በ18 ላንድ ማሰለፍ አይቻልም፣ ማንም አይችለውም።

እና ማንን ትያዝ? እኔን ከጠየቅከኝ ሳምን ያዝ። ሳምዋይዝ ጋምጂ በሚለው ካርድ ነው የምልህ፣ ሁለት ማና ነው፣ አንድ አረንጓዴ አንድ ነጭ፣ ሌላ ክሪቸር (የሚዋጋ ፍጡር) ባስገባህ ቁጥር (ቶክን፣ ማለትም በጨዋታው መሀል የሚፈጠር ምልክት ካልሆነ) ፉድ የሚባል ቶክን ይሰጥሃል፣ ሦስት ፉድ ስትሰዋ ደሞ ከመቃብር (ከሞቱና ከተጣሉ ካርዶች ክምር) አንድ ሌጀንደሪ (ስም ያለው ልዩ ካርድ) ወይ አርቲፋክት (ዕቃ) ወይ ሳጋ (ታሪክ የሚተርክ ካርድ) ወደ እጅህ ይመልስልሃል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ይሄን ካርድ ሲያይ ልቡ ይነካል እኮ፣ ድስቱን ተሸክሞ እስከ ሞርዶር የሄደው፣ ለጌታው ለፍሮዶ ጥንቸል የቀቀለው፣ ወድቆ ያየውን የሚያነሳው ሳም በህግ ቋንቋ ተጽፎ ነው ያለው። ከሱ ጋ ፔሪግሪን ቱክ አለ፣ ቶክን ስትፈጥር ተጨማሪ ፉድ ያመጣል፣ ሮዚ ኮተን አለች፣ ስትገባ ፉድ ይዛ ነው የምትገባው፣ ቶክን በተፈጠረ ቁጥር ደሞ ሌላ ክሪቸርህን ታጠነክርልሃለች። ሜኒ ፓርቲንግስ የሚባለው በአንድ ማና ላንድም ፉድም ይሰጥሃል። ከሌላ የካርድ ስብስብ ደሞ ጊልድድ ጉስን ጨምር፣ የ2019 ካርድ ናት፣ አንድ ማና ብቻ፣ ፉድ ይዛ ትመጣለች፣ ፉዱንም ወደ ማና ትቀይርልሃለች። የተቃዋሚህን ትልቅ ክሪቸር ለማስወገድ ጓደኞችህ የቆዩ ካርዶችን ከፈቀዱ ከ1993 ጀምሮ ያለውን ሶርድስ ቱ ፕላውሼርስን ያዝ፣ አንድ ነጭ ማና ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጋንዳልፍ ዘ ዋይትን ሁለት አስገባ፣ አምስት ማና ነው፣ ነጭ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ ከስምህም ጋ አንጣላም።

ስትቆጥረው 24 ላንድ፣ 26 አካባቢ ክሪቸር፣ 10 አካባቢ ሌላ ስፔል (ክሪቸር ያልሆነ ካርድ) ይሁን፣ አንድና ሁለት ማና የሚያስከፍሉት ካርዶች ቢያንስ 14 ይድረሱ፣ አምስትና ከዛ በላይ የሆኑት ከአራት አይብለጡ። ሌጀንደሪ የሆነ ካርድ ስሙ አንድ የሆነ ሁለት በአንዴ ሜዳ ላይ ሊኖርህ ስለማይችል ሳምን 4 ማስገባት ከፈራህ 3 አድርገው፣ እኔ ግን 4 ነው የምለው ምክንያቱም ሰው ገድሎብህ ሁለተኛውን ወዲያው ማውጣት አለብህ።

የቀሩትን ጀግኖች ደሞ አትጣላቸው፣ ኮማንደር የሚባለው አጨዋወት ያንተ አይነቱን ሰው ነው የሚፈልገው። 100 ካርድ ነው፣ ከቤዚክ ላንድ በቀር ሁሉም አንድ አንድ ብቻ፣ በ40 ላይፍ (የሕይወት ነጥብ) ትጀምራለህ፣ ብዙ ጊዜ አራት ሆናችሁ ትጫወታላችሁ፣ ኮማንደርህ (መሪ አድርገህ የመረጥከው ጀግና) ሁሌም ከዴኩ ውጪ ተቀምጦ ይጠብቅሃል፣ በሞተ ቁጥር ሁለት ማና እየጨመርክ ታወጣዋለህ። ላንዱን እዛ ላይ 37 አካባቢ አድርገው። በ2023 ከዋናው የካርድ ስብስብ ጋ ተዘጋጅተው የወጡ አራት የኮማንደር ዴኮች ነበሩ፣ አንዱ ፉድ ኤንድ ፌሎውሺፕ ይባላል፣ ፍሮዶና ሳም ሁለቱም አንድ ላይ ኮማንደር ናቸው፣ ነጭ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ሼሎብም ስለዚህ ትገባልሃለች። ሳውሮን ግን ሰማያዊና ቀይ ስላለበት አይገባም፣ ለሱ ሌላ ዴክ ትሰራለታለህ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ፣ ቀለበቱ ሲፈትንህ የሚለውን ህግ ረጋ ብለህ አንብበው። ቀለበት ተሸካሚ ያደረግከው ክሪቸር ፓወሩ (የማጥቃት ኃይሉ) ከሱ የሚበልጥ ክሪቸር ሊያግደው አይችልም። ትንሹ ፍሮዶ በግዙፎቹ መሀል አልፎ የሚሄደው ለዛ ነው፣ ፓወሯ 8 የሆነችው ሼሎብ እንኳ ልታስቆመው አትችልም፣ ልታቆመው የምትችለው እንደሱ ትንሽ የሆነች ክሪቸር ናት። ዋን ሪንግ የሚለው ካርድ ላይም እንደዛው፣ በተጠቀምክበት ቁጥር ከበፊቱ የበለጠ ካርድ ይስብልሃል፣ በየተራህ መጀመሪያ ላይ ደሞ ከበፊቱ የበለጠ ላይፍ ይወስድብሃል። በጣም ጠንካራ ስለሆነ በታህሳስ 2024 በፈረንጆቹ ሞደርን ከሚባለው የውድድር አይነት ታግዷል፣ ቤት ውስጥ ግን ተጫወትበት፣ የመጽሐፉ ነፍስ እሱ ላይ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ14 ዓመት ልጅ አለኝ፣ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ለልደቱም ለበዓልም የሚሰጠውን ብር በሙሉ የካርድ ፓኬት እየገዛ ይጨርሳል፣ ሁለት ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቀለበት ይወጣልኛል ይላል። ካርዶቹ ላይ ደግሞ ሰይጣን የሚመስል ስዕል አይቼ ደንግጫለሁ። ልከልክለው ወይስ ልተወው? (የተጨነቀች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፣ ከገንዘቡ ልጀምር። ልጅዎ የሚለው ልዩ የዋን ሪንግ እትም እውነት ነበረ፣ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የታተመው፣ እሱም በ2023 ተገኝቶ ፖስት ማሎን የሚባለው ዘፋኝ ገዝቶታል፣ በወቅቱ እንደተዘገበው በሁለት ሚሊዮን ዶላር። ስለዚህ ዛሬ የትኛውም ፓኬት ውስጥ የለም፣ ይሄን በግልጽ ይንገሩት። ፓኬት መክፈት ምን እንደሚወጣ ሳያውቁ መግዛት ነው፣ ለ14 ዓመት ልጅ ደሞ ልማዱ ጥሩ አይደለም፣ እዚህ ላይ ጠንከር ይበሉ ነው የምለው። ነገር ግን ካርድ መግዛት ሌላ መንገድ አለው፣ የሚፈልገውን ካርድ ስሙን ጠርቶ በነጠላ መግዛት ይቻላል፣ በጣም ብዙ ካርድ ከአንድ ዶላር በታች ነው። በወር ይሄን ያህል ብለው ይወስኑለት፣ መጀመሪያ የሚሰራውን ዴክ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ዋጋውን ይደምር፣ ከዛ ይግዛ። የተረፈውም የሱ ይሁን።

ስለ ስዕሉ፣ አዎ አጋንንት የተሳሉባቸው ካርዶች አሉ፣ በተለይ ጥቁር በሚባለው ከለር ውስጥ፣ ቤታችን አይገባም ካሉ መብትዎ ነው፣ ልጁ በቀሩት አራት ከለሮች ደስ ብሎት መጫወት ይችላል። ጨዋታው ራሱ ግን ጥንቆላ አይደለም፣ በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሂሳብ ሰው የሰራው ነው፣ ልጅዎ ሙሉ ቀን የሚያደርገው መደመርና መቀነስ ነው፣ ፓኬቱ ላይም 13 ዓመትና ከዛ በላይ ይላል። ቀለበቱ የመጣበት መጽሐፍ፣ የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ደራሲ ቶልኪን ደሞ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር፣ መጽሐፉ በመሰረቱ ሃይማኖታዊ እንደሆነ በደብዳቤው ጽፏል። እኛም እኮ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳይ ስዕል ግድግዳችን ላይ ሰቅለን ነው ያደግነው፣ ዘንዶው ስዕሉ ላይ ያለው ሊሸነፍ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያውጣውና ይህ ማነው፣ ይቺ ምን ታደርጋለች ብለው ይጠይቁት፣ ሲመልስልዎት ከካርዱ በላይ ስለ ልጅዎ ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ ነኝ። ቶልኪንን በስልኬ ነው ያነበብኩት፣ አሳብዶኛል። ካርዱን መጫወት እፈልጋለሁ ግን የሚሸጥበት አላገኘሁም፣ ውጪ ያለ ዘመድም የለኝም። እንዴት ልጀምር? ቀጥሎስ ምን ላንብብ?

መልስ፦ ለመጀመር ኦሪጅናል ካርድ አያስፈልግህም። ፕሮክሲ የሚባል ነገር አለ፣ ካርዱን አትሞ ለራስ መጫወት ነው፣ ኦፊሻል ውድድር ላይ አይፈቀድም፣ መሸጥም አይገባም፣ ቤት ከጓደኛ ጋ ግን ሁሉም ሰው ያደርገዋል። የአንድ ካርድ መጠን 63 በ88 ሚሊሜትር ነው፣ አንድ ኤፎር ወረቀት ላይ ዘጠኝ ይገባል። በ60 አትጀምር፣ በ40 ካርድ ዴክ ጀምር፣ 17 ላንድ እና 23 ሌላ። ሁለት ዴክ ስትሰራ 46 ካርድ ማተም ነው የሚኖርብህ፣ ስድስት ገጽ ማለት ነው፣ ላንዱን በእጅህ ጻፈው፣ ፎረስት፣ ፕሌንስ፣ ማውንተን እያልክ። ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ አሳትመው፣ ከጀርባ አንዱ ካንዱ እንዳይለይ ብቻ ተጠንቀቅ፣ ከለየ ጨዋታው ይበላሻል። አንዱን ዴክ አረንጓዴና ነጭ፣ ሌላውን ቀይና ጥቁር አድርገው፣ አንዱ በብዛት አንዱ በፍጥነት የሚያጠቃ ይሁን። ከዛ ጎረቤትህን ወይ የክፍል ጓደኛህን አስተምረው፣ ሁለታችሁ ዴክ እየተቀያየራችሁ ስትጫወቱ የትኛው ካርድ ምን እንደጎደለው ራሱ ይታይሃል።

ለማንበብ ደሞ ሚስትቦርንን ጀምር፣ የብራንደን ሳንደርሰን ነው፣ የመጀመሪያው በ2006 ወጣ፣ የመጀመሪያው ታሪክ በሦስት መጽሐፍ ያልቃል። እሱን የመረጥኩልህ ካርድ ለሚጫወት ሰው አስማቱ ስለሚገባው ነው፣ ሰዎቹ ብረት ውጠው "ያቃጥላሉ"፣ አንዱ ብረት ወደ ራስህ ይጎትታል፣ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ዓይንና ጆሮህን ያጠነክራል፣ የያዝከው ሲያልቅ አለቀ፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ውጊያ እጅህ ላይ ባለው ነገር ማሰብ ነው። ሳንደርሰን ራሱ ማጂክ ይጫወታል፣ በ2018 ለጨዋታው ታሪክ ጽፏል። የሮበርት ጆርዳንን ዊል ኦፍ ታይምም የጨረሰው እሱ ነው፣ ጆርዳን በ2007 ከሞተ በኋላ፣ ግን እሱ 14 ቅጽ ነው፣ ከ1990 እስከ 2013 ነው የወጣው፣ ክረምት ሲገባና ጊዜ ሲኖርህ ትጀምረዋለህ።