ፋይናል ያልኩት ሊስት ለምን ተቀየረብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። በጃቫ «ተማሪ» የሚል ክላስ ጻፍኩ። ውስጡ ማርኮቹን በፈተና ቅደም ተከተል የሚይዝ ሊስት አለ። ማንም እንዳይነካው ፕራይቬት ፋይናል አድርጌዋለሁ፤ ለሌሎች ክላሶች የሚሰጠው ሜተድ፣ ማለትም ጌተር፣ አለው። ሪፖርት የሚያወጣው ክላስ ትልቁን ማርክ ለማግኘት ብሎ ሊስቱን ሶርት ሲያደርገው፣ 88፣ 54፣ 71 የነበረው 54፣ 71፣ 88 ሆኖ ቀረ። አሁን የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው 54 ይለኛል። ፋይናል ያልኩት ነገር እንዴት ይቀየራል? ኮምፓይለሩስ ለምን ዝም አለ?

መልስ፦ ዝም ያለው የተጣሰ ሕግ ስለሌለ ነው። አንቺ ያሰርሽው ሌላ፣ የተቀየረው ሌላ።

ቫሪያብልሽ ሊስቱን ራሱን አልያዘም። የያዘው ወደ ሊስቱ የሚያመራውን ሪፈረንስ ነው። ፋይናል የሚከለክለው ያንን ሪፈረንስ በሌላ መተካት ብቻ ነው። ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ውስጥ አንዴ ትሰጪዋለሽ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ሊስት ልስጠው ብትዪ ኮምፓይለሩ አያሳልፍሽም። ሶርት ሲደረግ ግን ሪፈረንሱ እዚያው ነው፤ የተተራመሰው የሊስቱ ሆድ ዕቃ ነው። በጃቫስክሪፕት ኮንስት፣ በኮትሊን ቫል፣ በሲ ሻርፕ ሪድኦንሊ ብትሞክሪም ውጤቱ ያው ነው።

«እሺ፣ ፕራይቬትስ?» ትዪ ይሆናል። ፕራይቬት ሥራውን ሠርቷል፤ የሪፖርቱ ክላስ ፊልዱን (ሊስቱ ያለበትን የክላሱን ቫሪያብል) በስሙ ሊጠራው አይችልም። ግን ለምን ይጥራ? ጌተርሽ ያንኑ ሊስት አሳልፎ ሰጠው። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ማደል ይሉሻል ይሄ ነው። በነገራችን ላይ፣ ኤዲተሩ በአንድ ክሊክ የሚያመርታቸው ጌተሮች በሙሉ እንዲህ ናቸው። እኔ ክላስ ስጽፍ ጌተር የምጨምረው አንድ የሚፈልገው ኮድ ሲመጣ ብቻ ነው።

ወደ መፍትሔው። ጌተሩ ሊስቱን ሳይሆን ኮፒውን ይመልስ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ጃቫ 10 ጀምሮ «ሊስት ኮፒኦፍ» የሚባል ሜተድ አለልሽ። የሚሰጥሽ ኮፒ አይቀየርም፤ ሶርት ላድርገው የሚል ኮድ ራን ሲያደርግ «አንሰፖርትድ ኦፐሬሽን» የሚል ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) ይወረወርበታል። ያኔ የሪፖርቱን ክላስ የጻፈው ሰው የራሱን ኮፒ አውጥቶ ይደርድር፤ ያንቺ ጣጣ አይደለም። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ይህ ሜተድ ኑል («ምንም የለም» የሚለውን ምልክት) አይቀበልም። ፈተና ያመለጠውን ተማሪ ማርክ ኑል ብለሽ መዝግበሽ ከሆነ፣ ጌተሩ በተጠራ ቁጥር ይፈነዳብሻል።

«አንሞዲፋየብል ሊስት» የሚባለውን የድሮውን ዘዴ የሚመክርሽ ሰው አይጠፋም። እሱ ኮፒ አይደለም። በዋናው ሊስት ላይ የተደረገ መስታወት ነው፤ ከውጭ አይነካም፣ ውስጡ አንቺ ማርክ ስትጨምሪ ግን ቀድሞ የወሰደው ሰው ጋ አብሮ ይለወጣል። አንዳንዴ የሚፈለገው እሱ ነው። ላንቺ ግን ኮፒው ይሻልሻል።

ኮንስትራክተሩንም እዪው። ሊስቱን ከውጭ ተቀብለሽ እንዳለ ፊልዱ ላይ የምታስቀምጪ ከሆነ፣ የሰጠሽ ኮድ ያንኑ ሊስት አሁንም በእጁ ይዟል። ጌተሩን ብቻ ያስተካከለ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። ስትቀበዪም ኮፒ አድርጊ። ማርክ መጨመር ካስፈለገ «ማርክ መዝግብ» የሚል ሜተድ ይኑርሽ፤ ከ0 በታችና ከ100 በላይ የሆነውን እዚያው ይመልሰው።

ያንቺ ማርኮች ኢንቲጀር ስለሆኑ እዚህ ላይ ይበቃል፤ ኢንቲጀር ራሱ አይቀየርም። ሊስቱ ውስጥ ያለው የድሮው የጃቫ «ዴት» ቢሆን ኖሮ ግን ኮፒውም አያድንሽም ነበር። ሊስቱ አዲስ ቢሆንም ውስጡ ያሉት ቀኖች እነዚያው ናቸው፣ «ሴት ታይም» ብሎ የሚቀይራቸው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የመጣው «ሎካል ዴት» ይህን ችግር ገላግሎናል። ቀን ስትጨምሪበት አዲስ ኦብጀክት ይመልሳል፣ የድሮው እንዳለ ይቀመጣል።

እንደ ፕራይቬትና ፋይናል ካሉት ሞዲፋየሮች የትኛውን መቼ ልጠቀም ለሚለው የእኔ ልማድ ቀላል ነው። ፊልድ ሁሉ ፕራይቬት፤ የማይተካ ፊልድ ሁሉ ፋይናል። ዘግተሽ የጀመርሽውን ነገ ብትከፍቺው ማንም አይጎዳም። ክፍት የነበረውን ስትዘጊ ግን እሱን ተጠቅመው የጻፉ ሰዎች ኮድ ይሰበራል። ክላስ ላይም እንደዚያው ነው። በኮትሊን «ኦፕን» ካላልሽው ክላስ አይወረስም፤ በጃቫ ተቃራኒው ነው። የኮትሊኑ ይስማማኛል። የጃቫው ስትሪንግ (የጽሑፍ ክላሱ) እንኳ ፋይናል፣ ማለትም የማይወረስ፣ ክላስ ነው። ባይሆን ኖሮ አንዱ ከእሱ የሚወርስ ሰብክላስ ሠርቶ፣ የፋይል ስሙ ሲመረመር አንድ ነገር፣ ፋይሉ ሲከፈት ሌላ ነገር የሚናገር ስትሪንግ ማሳለፍ ይችል ነበር። ሜተድ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ቫሪያብሎች ሁሉ ላይ ፋይናል መደርደር ግን ለዓይን ጫጫታ ነው፤ እኔ አላደርገውም።

ጥያቄ፦ ፊልዴ ፕራይቬት ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ኦብጀክቶች እኩል መሆናቸውን በሚያነጻጽረው «ኢኩዋልስ» ሜተዴ ውስጥ የሌላኛውን ኦብጀክት ፊልድ በቀጥታ አነበብኩት። ይሄ እንዴት ተፈቀደ?

መልስ፦ በጃቫ የፕራይቬት አጥር የታጠረው በክላሱ ዙሪያ እንጂ በእያንዳንዱ ኦብጀክት ዙሪያ አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ክላስ የተፈጠሩ እስከሆኑ ድረስ ይተያያሉ። ሲ ፕላስ ፕላስና ሲ ሻርፕም እንዲሁ ናቸው። ሩቢ ይለያል፤ እዚያ የሌላውን ኦብጀክት ፕራይቬት ሜተድ መጥራት አይቻልም፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ንጽጽር «ፕሮቴክትድ» የሚለው አለ።