ሜይ ደርሶ ኮሌጅ ላልያዘች ተማሪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በዲቪ መጥታችሁ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከገባችሁ ሁለት ዓመት አልፏል። አሁን 12ኛ ክፍል ልትጨርሺ ነው፤ ነርስ መሆን ትፈልጊያለሽ። ካመለከትሽባቸው ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱ አልተቀበሉሽም፤ ሦስተኛው ዌይትሊስት (የተጠባባቂዎች ዝርዝር) ላይ አስቀምጦሻል። አባትሽ የታክስ መረጃውን መስጠት ስላልወደደ የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ የሆነውን ፋፍሳንም አልሞላሽም። «ጓደኞቼ የኮሌጃቸውን ሹራብ ለብሰው ሲመጡ መደበቂያ አጣሁ፤ ዘንድሮ ቀረሁ ማለት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አልቀረሽም። ሜይ 1 ቀድሞ ቦታ ያገኘ ተማሪ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» የሚልበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላም ቦታ ያልሞላላቸው ኮሌጆች ብዙ ናቸው። ናካክ የሚባለው የኮሌጅ ቅበላ አማካሪዎች ማኅበር በየዓመቱ ሜይ መጀመሪያ ላይ ዝርዝራቸውን በነጻ ያወጣል። እሱን እዪው። እኔን ካልሽኝ ግን፣ የመጀመሪያ ምርጫሽ እዚያው ቤትሽ አጠገብ ያለው ኖቫ የሚባለው የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ (ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ይሁን።

በኛ ሰው ዘንድ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባች» ሲባል ድምፅ ዝቅ ይላል። ይሄ ያናድደኛል። ኖቫ ሃይስኩል የጨረሰን ሁሉ ይቀበላል፤ ኢሴይም (የማመልከቻ ጽሑፍ) ኤስኤቲም (የመግቢያ ፈተና) አይጠይቅሽም። ኦገስት ላይ ትጀምሪያለሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ 12 ወር ስለሞላችሁ ዝቅ ያለው የነዋሪ ክፍያ ይገባሻል። በፋፍሳ የሚጠየቀውን የመንግሥት እርዳታ፣ ፔል ግራንትን፣ በሙሉ ካገኘሽ ደግሞ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍንልሻል። በ2025–26 የፔል ጣሪያ በዓመት 7,395 ዶላር ነበር፤ ይሄ ብድር አይደለም፣ አትመልሺውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ኖቫ መግባትና ነርሲንግ መግባት ለየብቻ ናቸው። የነርሲንግ ፕሮግራሙ ስፕሪንግፊልድ ያለው የሕክምና ካምፓስ ውስጥ ነው፤ የራሱ ማመልከቻ አለው፣ ፉክክሩም ከባድ ነው። መጀመሪያ እንደ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሳይኮሎጂ ያሉትን ኮርሶች በጥሩ ውጤት መጨረስ አለብሽ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሥራ አታብዢ። አናቶሚ የሌሊት ሺፍት እየሠሩ የሚያልፉት ትምህርት አይደለም። ያንን አልፈሽ የሁለት ዓመቱን አሶሼት ዲግሪሽን ስትይዢ ለነርስነት ፈቃድ ፈተናው፣ ለኤንክሌክስ፣ ትቀመጫለሽ። ካለፍሽ ፈቃድ ያለሽ ነርስ (አርኤን) ነሽ፤ ባችለርሽን እየሠራሽ መጨረስ ትችያለሽ። ሌላ ኮሌጅ ቢቀበልሽም ቅድሚያ ይቺን ጠይቂ፦ «ቀጥታ ነርሲንግ ነው የገባሁት ወይስ ፕሪ-ነርሲንግ?» ፕሪ-ነርሲንግ ማለት ገና ወደ ነርሲንግ ለመግባት የምትዘጋጂበት ነው፤ ልዩነቱ የዓመታት ነው።

በዚህ ሳምንት ግን ከሁሉ የሚቀድመው ፋፍሳው ነው። አንዳንዱ ድጋፍ ቀድሞ ለሞላ ነው የሚሰጠው። ለአባትሽ እንዲህ በይው፦ መረጃው ከታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ከአይአርኤስ፣ በቀጥታ ነው የሚገባው፤ ወረቀቱን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። ፈቃዱን ካልሰጠ ግን ፔልም ሆነ የመንግሥት ብድር አታገኚም። እሱም አንቺም ፋፍሳው የሚሞላበት ድረ-ገጽ ላይ የየራሳችሁ አካውንት ያስፈልጋችኋል። ከሥራ ገብቶ እራቱን ሲበላ አጠገቡ ቁጭ በይ፤ የማረጋገጫ ኮዱ በእሱ ስልክ ሊመጣ ስለሚችል አንቺ ብቻሽን አትጨርሺውም። ስማችሁን ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለ አስገቡ። ካርዱ ላይ አንድ ፊደል ተዛብቶ ቢሆን እንኳ እንደ ካርዱ ሙሉት፤ የኛ ሰዎች ፎርም ብዙ ጊዜ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻ ስማችሁ መለያየቱ አያስጨንቃችሁ። ያንቺ የእሱ ስም ነው፣ የእሱ የአያትሽ።

ዌይትሊስቱን አትሰርዢው። መቆየት እንደምትፈልጊ አጭር ኢሜይል ጻፊላቸው፣ የመጨረሻ ውጤትሽንም ጨምሪ። ቦታ ከሰጡሽ ግን የገንዘብ ድጋፉን ደብዳቤ ሳታዪ የቦታ ማስያዣ (ዲፖዚት) እንዳትከፍዪ።

አባትሽ የሚያርፍበትን ቀን ጠይቂና ፋፍሳውን ያን ቀን ጨርሱት። የሚያቆማችሁ ነገር ካለ ስክሪኑን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ግን ሸፍኚው።